ለንብና ለቢራቢሮ የሚሆን አገር በቀል ተክል እንዴት ይመረጣል?

«ጓሮዬ ንብና ቢራቢሮ እንዲመጣ ምን ልትከል? የአበባውን ስም ብቻ ንገረኝ።» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ስም ጠርቼ ብገላገል ደስ ባለኝ። ችግሩ፣ አንዱ ቦታ አገር በቀል የሆነው ተክል ሌላው ቦታ መጤ ነው፣ አንዳንዴም ወራሪ ነው። ስለዚህ የእኔ ዝርዝር ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። የሚሠራው የራሳችሁን ዝርዝር የምታወጡበት መንገድ ነው። ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ የጻፍኩት እሱን ነው። የትም ኑሩ፣ ሰፊ ጓሮ ይኑራችሁ ወይም ሁለት ሜትር መደብ፣ አካሄዱ አንድ ነው።

በሁለት ቃል ቀድመን እንግባባ። «አገር በቀል» ስል፣ ሰው ሳያመጣው በዚያ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ራሱን ችሎ የኖረ ተክል ማለቴ ነው። «ቀሳሚ» ስል ደግሞ ወለላ (ጣፋጩን የአበባ ፈሳሽ) ወይም ብናኝ (የአበባውን ዱቄት) ፍለጋ አበባ ላይ የሚያርፍና ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርስ ሁሉ ነው። ንብ፣ ቢራቢሮ፣ የእሳት እራት፣ ዝንብ፣ ጢንዚዛ፣ አንዳንድ ቦታ ወፍም ጭምር።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እርሳስ
- ሜትር
- ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ (ለአፈር ምርመራ)
- ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ
- ጓንት
- ውሃ ማጠጫ
- የእጅ ባትሪ (ማታ ለማየት)
- ዝርግ ሳህንና ጥቂት ጠጠር
- ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ
- 12 ዓምድ የተሰመረበት አንድ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ

ከእነዚህ ሁሉ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የመጨረሻው ወረቀት ነው። አራተኛው ደረጃ ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቦታችሁን እወቁ

ተክል ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ለኩ። ፀሐይ፣ አፈር፣ ውሃ።

ፀሐዩ ቀላል ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ውጡና ጥላው የት እንደሚያርፍ ጻፉ። በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ «ሙሉ ፀሐይ» ይባላል። ለቀሳሚ የሚሆኑ አብዛኞቹ አበቦች የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ ነፍሳቱም ራሳቸው ለመብረር ሙቀት ስለሚሹ ጥላ ውስጥ ያለ አበባ ብዙ ጎብኚ የለውም።

ለአፈሩ የብርጭቆውን ዕቃ አንድ ሦስተኛ ድረስ በአፈር ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩበት፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጣል አድርጉና በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ታች ይወርዳል። ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሸክላው ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በማግስቱ የትኛው ንብርብር እንደሚወፍር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ለውሃው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። በውሃ ሙሉት፣ ይስረግ። እንደገና ሙሉትና በሰዓት ስንት ሴንቲ እንደሚወርድ ለኩ። ከ2 እስከ 8 ሴንቲ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። በማግስቱም ውሃ ካቆረ ግን ያ ቦታ የረግረግ ተክል ነው የሚፈልገው።

ይህ ሁሉ ለምን? አገር በቀል ተክል ጠንካራ ነው የሚባለው የለመደው ቦታ ላይ ሲሆን ነው። ከድንጋያማ ተዳፋት የመጣ ተክል ውሃ በቋጠረ ሸክላ ላይ ብትተክሉት ሥሩ ይበሰብሳል። ያኔ ጥፋቱ የተክሉ አይደለም።

ደረጃ 2፦ አሁን ምን እየበረረ እንዳለ ተመልከቱ

ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል፣ እኔም ድሮ እዘለው ነበር። አትዝለሉት።

ፀሐይ ያለበት፣ ነፋስ የሌለበት ሰዓት ምረጡ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን አበባ ያለበት ቦታ አጠገብ ተቀመጡና 10 ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። የራሳችሁ ጓሮ አበባ ከሌለው የመንገድ ዳር ወይም ያልታረሰ ሜዳ ይበቃል። የዝርያ ስም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። በቡድን ብቻ መዝግቡ፦ የማር ንብ፣ ጸጉራም ትልቅ ንብ፣ ደቃቅ ጥቁር ንብ፣ ንብ መሳይ ዝንብ፣ ቢራቢሮ፣ ጢንዚዛ፣ ወፍ።

ንብ መሳይ ዝንብ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቢጫና ጥቁር መስመር አለው፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲያዩት ንብ ነው። ክንፉን ቁጠሩ። ዝንብ ሁለት ክንፍ ነው ያለው፣ ንብ አራት። ዓይኑም ትልልቅ ነው፣ ፊቱን ሊሸፍን ምንም አይቀረው። አይናደፍም። ከእነዚህ ብዙዎቹ እጭ ሳሉ የተክል ቅማል (ክሽክሽ የምንለውን) ስለሚበሉ ጓሮ ውስጥ ሁለት ጥቅም አላቸው።

አንድ ምሽት ደግሞ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ። ነጭና ሽታው ማታ ማታ የሚጠነክር አበባ ካለ የእሳት እራት ታገኛላችሁ። ቀን ብቻ ያየ ሰው የሌሊቱን እንግዳ ሳያውቀው ይቀራል፣ የሚተክለውም ለቀኑ ብቻ ይሆናል።

ይህ ምዝገባ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ለማን እንደምትተክሉ ታውቃላችሁ። ሁለተኛ፣ ከዓመት በኋላ መልሳችሁ ስትቆጥሩ ሥራችሁ ለውጥ ማምጣቱን የምታነጻጽሩበት ነገር ይኖራችኋል።

ደረጃ 3፦ የአካባቢያችሁን አገር በቀል ተክሎች ዝርዝር አውጡ

«የአገራችን ተክል» ማለት ለዚህ ሥራ በቂ አይደለም። ተክል የአገር ድንበር አያውቅም። የሚያውቀው ከፍታ፣ ዝናብና አፈር ነው። ጦስኝ የኢትዮጵያ ደጋ ተክል ነው፤ ሞቃት ቆላ ላይ ብትተክሉት ግን ያው እንግዳ ነው። ስለዚህ ፍለጋችሁን ከቤታችሁ ጋር በሚመሳሰል ከፍታና አየር ጠባይ ወስኑት።

ዝርዝሩን ከሦስት ቦታ ሰብስቡ።

መጀመሪያ በእግራችሁ። የወንዝ ዳርቻ፣ ያልታረሰ ዳር፣ የጥንት ደን ቅሪት እያያችሁ ሂዱ። ማንም ሳያጠጣው የሚያብበውን ፎቶ አንሱ። ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ግንዱን ለየብቻ አንሱ፣ አበባ ብቻ ለመለየት አይበቃም።

ቀጥሎ በስልክ። አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ፎቶውን አይቶ ስም ይጠቁማል፣ ሌሎች ሰዎችም ያርሙታል። ስሙን ካገኛችሁ በኋላ የእንግሊዙ የኪው ዕፅዋት ማዕከል በሚያዘጋጀው «ፕላንትስ ኦፍ ዘ ወርልድ ኦንላይን» ላይ ፈልጉት። ካርታ ያሳያችኋል። አረንጓዴ የተቀባው ተክሉ አገር በቀል የሆነበት ነው፣ ሐምራዊው ሰው ያስገባበት ነው።

በመጨረሻ ሰው ጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት ክፍል፣ የዕፅዋት ማዕከል፣ ንብ አናቢ። በተለይ ንብ አናቢ። የትኛው ተክል መቼ እንደሚያብብና ንቡ የት እንደሚውል እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል።

ሳይንሳዊ ስሙን ጻፉ። ሰው የሚጠራው ስም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሁለት የተለያዩ ተክሎችም በአንድ ስም ይጠራሉ። ችግኝ ስትገዙ በሰፈር ስም ብቻ ከጠየቃችሁ ዘመዱን ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቢራቢሮ ስለሞላበት ብቻ ተክሉ ጥሩ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። የወፍ ቆሎ (ላንታና ካማራ) ቢራቢሮ ይወደዋል። ግን የመጣው ከሐሩሩ የአሜሪካ ክፍል ነው፣ በአፍሪካ፣ በህንድና በአውስትራሊያ ሰፊ መሬት ወርሮ ሌላውን ተክል አጥፍቷል። ከቻይና የሄደው ቡድሊያም እንዲሁ ነው። «የቢራቢሮ ቁጥቋጦ» እየተባለ ይሸጣል፣ ብሪታንያ ውስጥ ግን ከጓሮ አምልጦ በየሐዲዱ ዳር በቅሏል። ዛሬ የምታዩት አንድ ቁጥቋጦ ነው። ዘሩን ወፍና ነፋስ የት እንደሚያደርሱት ግን አታዩም።

በተቃራኒው ደግሞ አገር በቀል ሁሉ ቀሳሚ ይመግባል ማለት አይደለም። ጽድ አገር በቀል ነው፣ ብናኙን የሚያደርስለት ግን ነፋስ ነው። ሣሮችም እንዲሁ። ለወፍ መጠለያ ይሆናሉ፣ ለአፈርም ጥሩ ናቸው፣ ወለላ ግን የላቸውም። መትከል ከፈለጋችሁ ትከሉ፣ የቀሳሚ ሒሳብ ውስጥ ግን አትክተቷቸው።

ደረጃ 4፦ የአበባ ቀን መቁጠሪያ ሥሩ

የጓሮው ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው።

ባለ12 ዓምዱን ወረቀት አውጡ። ያገኛችኋቸውን ተክሎች በግራ በኩል ደርድሩ። እያንዳንዱ የሚያብብበትን ወር ቀለም ቀቡ። ጨርሳችሁ ወረቀቱን ራቅ አድርጋችሁ እዩት። አንድ ሁለት ወር ላይ ቀለሙ ይከመራል፣ ሌላ ቦታ ላይ ባዶ ይሆናል። የምትተክሉት ለባዶው ነው።

ለምን? አበባ በሞላበት ወቅት የእናንተ መደብ ቢኖርም ባይኖርም ንቡ አይራብም። የኢትዮጵያን ደጋ ውሰዱ። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ቢጫ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ጓሮ ውስጥ አምስት ተጨማሪ አበባ መኖሩ ብዙም ለውጥ የለውም። በጋው ሲከር ግን ሜዳው ይደርቃል። ያኔ የሚያብብ ግራዋ ወይም እሬት ያለው ጓሮ ለዚያ ሰፈር ነፍሳት ስንቅ ነው።

ቅዝቃዜ ያለበት አገር ደግሞ ባዶው ሌላ ቦታ ነው። ባምብልቢ የምትባለው ጸጉራም ንብ ንግሥቲቱ ብቻ ናት የበረዶውን ወቅት የምታልፈው። ከበረዶው በኋላ ብቻዋን ትወጣለች፣ ሆዷ ባዶ ነው፣ ገና ጎጆ ልትሠራ ነው። በዚያ ሰዓት ያበበ ነገር ካላገኘች መንጋው ከነጭራሹ አይጀመርም። ለዚህ ነው እዚያ አኻያ የመሰለ ቀድሞ የሚያብብ ዛፍ ወርቅ የሚሆነው። በሌላው ጫፍ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በመጸው የሚያብቡት ጎልደንሮድና አስተር ወደ ደቡብ የሚጓዘውን ሞናርክ ቢራቢሮ ይመግባሉ።

ግባችሁ ይህ ይሁን፦ ነፍሳት በሚበሩበት በእያንዳንዱ ወር ቢያንስ ሦስት ዝርያ ያብብ። ሦስት የምለው አንዱ ቢደርቅ ወይም ዝናቡ ቢዛነፍ ሌላው እንዲተካው ነው። መደባችሁ ጠባብ ከሆነ ከሁለት ጀምሩ፣ ባዶ ወር ብቻ አይኑር።

ደረጃ 5፦ የአበባውን ቅርጽ እዩና አመጣጥኑ

ሁሉም ቀሳሚ ሁሉንም አበባ መብላት አይችልም። ምላሱ ካልደረሰ አይደርስም።

ክፍትና ጠፍጣፋ አበባ ለሁሉም ይሆናል። አጭር ምላስ ያላቸው ደቃቅ ንቦች፣ ዝንቦችና ጢንዚዛዎች የሚኖሩት በዚህ ነው። አደይ አበባን በቅርብ እዩት። አንድ አበባ ይመስላል፣ መሐሉ ላይ ያለው ክብ ግን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። አንዲት ንብ አንዴ አርፋ ብዙ ማዕድ ትቀምሳለች። የዚህ ቤተሰብ አባላት የትም አገር አሉ፣ ከየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አንዳንድ ምረጡ።

ቱቦ መሳይ አበባ ረጅም ምላስ ላላቸው ንቦችና ቢራቢሮዎች ነው። ቀይ ወይም ብርቱካንማ ቱቦ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የወፍ ነው። ንብ ቀይን እንደኛ አታይም፤ ሰማያዊ፣ ቢጫና እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ግን ታያለች። እሬት አበባ ላይ ቀጭን ምንቃሯን የምትሰካ ወፍ ማየት ከፈለጋችሁ ቦታ ስጧት። ነጭና ማታ የሚሸት ደግሞ የእሳት እራት ድርሻ ነው።

አንድ ቡድን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የቲማቲምና የእንቧይ ዘመዶች ብናኛቸውን ጨው መነስነሻ በመሰለ ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚይዙት። አንዳንድ ንቦች አበባውን አቅፈው ሰውነታቸውን ያንቀጠቅጣሉ፣ ድምፁ ለጆሮ ይሰማል፣ ብናኙም ይረግፋል። የማር ንብ ይህን አትችልም። አካባቢያችሁ ላይ ከዚህ ቤተሰብ አገር በቀል አበባ ካለ ለዱር ንቦች ስትሉ አንዱን ጨምሩ።

አሁን ወደ ድርብ አበባ። ችግኝ ቤት ውስጥ ዓይን የሚስበው ድርቡ ነው፣ ቅጠለ አበባው ተደራርቦ የሞላው። አንድ ከሰዓት ድርብ ዳሊያና ነጠላ ዳሊያ ጎን ለጎን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ንቦቹ ነጠላው ላይ እየተፈራረቁ አረፉ። አንዷ ድርቡ ላይ አረፈች፣ ዙሪያውን ዞረች፣ በቅጠለ አበባው መካከል ጭንቅላቷን ለማስገባት ታገለች፣ ትታው ሄደች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድርብ አበባ ውስጥ ብናኝ የሚሠራው ክፍል ራሱ ወደ ቅጠለ አበባነት ተለውጧል፣ የቀረውም ተሸፍኗል። ስለዚህ ሁልጊዜ ነጠላውን ምረጡ። ጽጌረዳ ከፈለጋችሁ ቀጋን የመሰለ አምስት ቅጠለ አበባ ብቻ ያለው፣ መሐሉ ወለል ብሎ የሚታይ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ለአባጨጓሬውም ትከሉ

ቢራቢሮ ወለላ ስለጠጣች ብቻ ጓሯችሁ ውስጥ አትራባም። እንቁላሏን የምትጥልበት ቅጠል ትፈልጋለች፣ ያ ቅጠል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተወሰነ ነው። የሞናርክ አባጨጓሬ ሚልክዊድ የሚባለውን ተክል ብቻ ነው የሚበላው። አፍሪካና እስያ ውስጥ ያለው ብርቱካንማው ዘመዱም ከዚያው ቤተሰብ አይወጣም። መጤ አበባ ለጎልማሳው ቢራቢሮ ወለላ ሊሰጥ ይችላል፣ የአባጨጓሬውን ምግብ ግን እምብዛም አይተካም። አገር በቀል የምንልበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ዘመድ ቢሆንም አይተካም። የሐሩር ሚልክዊድ የሚባለው የደቡብ አሜሪካና የሜክሲኮ ተክል በደቡባዊ ዩናይትድ ስቴትስ ይሸጣል። እዚያ የብርዱን ወቅት ሙሉ ሳይደርቅ ስለሚቆይ ሞናርክን የሚያጠቃ ጥገኛ ተውሳክ ቅጠሉ ላይ እየተጠራቀመ ይቀጥላል። የአካባቢው ሚልክዊድ ግን በብርዱ ወቅት ይደርቃል፣ ተውሳኩም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ በደረጃ 2 ካያችኋቸው ቢራቢሮዎች ሁለቱን ምረጡ። አባጨጓሬያቸው የሚበላውን ተክል ፈልጉና ከዝርዝሩ ጨምሩ። ቅጠሉ ሲበሳሳ አትደንግጡ። የተተከለው ለዚያ ነው። ከፊት ለፊት ማየት ካስጠላችሁ ከኋላ ረድፍ ትከሉት።

ደረጃ 7፦ ችግኙን ወይም ዘሩን ከየት?

ችግኝ ቤት ስትገቡ ሁሉም ነገር የዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ከዝርዝሩ ውጪ አትግዙ።

ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ችግኝ በፀረ ነፍሳት ታክሟል?» ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ቅጠል ላይ ብቻ አይቀሩም፣ ሥርና ግንድ ውስጥ ገብተው እስከ ወለላውና ብናኙ ይደርሳሉ። በውሃ አይታጠቡም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ክሎቲያኒዲንና ታያሜቶክሳም የተባሉትን ሦስቱን ሜዳ ላይ መጠቀምን የከለከለው ለንብ አደጋ ስለሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ለቢራቢሮ ብዬ የገዛሁት ችግኝ ላይ አባጨጓሬዎቹ በሁለት ቀን ውስጥ ከቅጠሉ ረግፈው አገኘኋቸው። ሳልጠይቅ ነበር የገዛሁት። ከዚያ ወዲህ መልስ ካላገኘሁ አልገዛም።

ከዘር ማብቀል ርካሽና አስተማማኝ ነው። ከቅርብ አካባቢ የተሰበሰበ ዘር ምረጡ፣ የሰፈራችሁን ዝናብና ብርድ ለምዶታልና። ራሳችሁ ስትሰበስቡ ከአንድ ቦታ ከዘሩ አሥር በመቶ በላይ አትውሰዱ። ተክሉን ከዱር ነቅላችሁ አታምጡ። ብዙውን ጊዜ ይሞታል፣ ከዱርም ይጎድላል።

ዘሩን ከመዝራታችሁ በፊት አሥሩን እርጥብ ጨርቅ ላይ ሞክሩ። ካልበቀለ ሞተ ማለት ላይሆን ይችላል። የግራር ዘር ልጣጩ ድንጋይ ነው፣ ሙቅ ውሃ አፍስሳችሁበት ማደር አለበት። የቀዝቃዛ አገር ብዙ ዘሮች ደግሞ ሳምንታት ብርድና እርጥበት ካላለፈባቸው አይነቁም።

ደረጃ 8፦ በጅምላ ትከሉ

ሃያ ዓይነት ተክል አንድ አንድ ፍሬ መትከል ቆንጆ ሐሳብ ይመስላል። እኔም አድርጌዋለሁ። ንቦቹ ከላይ አልፈው ሄዱ። የማር ንብ በአንድ ጉዞዋ አንድ ዓይነት አበባ ላይ የመጽናት ጠባይ አላት፤ አንዱን አበባ እንዴት እንደምትከፍተው ከለመደች እሱኑ ትፈልጋለች። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ከሆነባት ጉልበቷ በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ዝርያ ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ይያዝ። ስድስት ዝርያ በጅምላ፣ ሃያ ዝርያ በነጠላ ከመትከል ይበልጣል።

ቦታ ካላችሁ ዛፍ አትርሱ። ብሳና ወይም ዋንዛ ሲያብብ አንድ ዛፍ ብቻውን ከሙሉ መደብ የበለጠ አበባ ይይዛል።

አተካከሉ፦ ጉድጓዱ ከሥሩ እጥፍ ይስፋ፣ ከሥሩ ግን አይጥለቅ። ርቀቱን ችግኙ ዛሬ ባለው መጠን ሳይሆን ሲያድግ በሚኖረው መጠን ለኩ። ማዳበሪያ አትጨምሩ። አብዛኛው የሜዳ አበባ ስስ አፈር ለምዷል፣ ስታጠግቡት ቅጠል ያበዛል፣ ይንጋደዳል፣ አበባ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ዓመት አጠጡ፣ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሳይሆን አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጋችሁ። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች የሚወርደው እንዲህ ሲሆን ነው።

ደረጃ 9፦ ማደሪያና ውሃ

በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያ አለ፣ አብዛኛው ቀፎ የለውም። እያንዳንዷ እናት ብቻዋን ትኖራለች፣ ብዙዎቹም መሬት ውስጥ ይቆፍራሉ። መሬቱን ሙሉ በሙሉ በገለባ ከሸፈናችሁት በሩን ዘጋችሁባቸው ማለት ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበትና ውሃ የማይቋጥር ትንሽ ቦታ ባዶውን ተዉ። ጉዝጓዙን ከ5 ሴንቲ አታስበልጡ።

አበባው ሲደርቅ አገዳውን ከሥሩ አትጨዱ። ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ተዉት። ባዶ አገዳ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ንቦች አሉ።

ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር ደርድሩና ጠጠሩ ሳይሰጥም ውሃ አድርጉ። ጠጠር ከሌለ ንብ ትሰምጣለች። ውሃውን በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩ፣ አለበለዚያ የወባ ትንኝ ይራባበታል።

ማስጠንቀቂያ

- የሚልክዊድና የቁልቋል ዘመዶች ነጭ ወተት አላቸው። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። ልጆች ካሉ እነዚህን ከመንገድ ዳር አርቁ።
- ቤተሰብ ውስጥ ለንብ መርዝ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ አበባውን ከበርና ከመቀመጫ ራቅ አድርጉ።
- በጥበቃ ሥር ካለ ቦታ ዘር መሰብሰብ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። አስቀድማችሁ ጠይቁ።
- «የዱር አበባ ቅልቅል» ተብሎ በፓኬት የሚሸጥ ዘር ውስጥ ምን እንዳለ ካልተጻፈ አትዝሩት። ወራሪ አረም ሊኖርበት ይችላል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

*በአንድ ወቅት ብቻ የሚያብብ ጓሮ።* ሰው ችግኝ የሚገዛው አበባ ላይ ሲያየው ነው። በዚያ ወር ያበበውን ሁሉ ገዝቶ ይገባል፣ የቀረው አሥር ወር ባዶ ይሆናል። ደረጃ 4ን ያልሠራ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው።

*በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ መቁረጥ።* ብዙ ዓመት የሚኖር ተክል በመጀመሪያው ዓመት ሥር ነው የሚሠራው። ከላይ ሲታይ የቆመ ይመስላል። ብዙዎቹ በደንብ የሚያብቡት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ መካከሉን በአንድ ዓመት አበባ ሙሉት፣ እሱም አገር በቀል ይሁን።

*መጤውን ሁሉ በአንድ ቀን መንቀል።* ወራሪውን አዎ፣ አሁኑኑ ንቀሉ። ወራሪ ያልሆነው መጤ ግን ምናልባት አሁን ነፍሳቱን እየመገበ ያለው እሱ ነው። ምትኩ እስኪያብብ ጠብቁና ቀስ በቀስ ለውጡ።

*ቅማል አየሁ ብሎ መርጨት።* መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡና እዩ። ከቅማሉ መካከል እግር የሌለው፣ ጠፍጣፋ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ትል የመሰለ ነገር ሲንፏቀቅ ካገኛችሁ፣ ያ በደረጃ 2 የቆጠራችሁት ንብ መሳይ ዝንብ ልጅ ነው፣ ቅማሉን እየበላላችሁ ነው። ሳምንት ስጡት። ካልቀነሰ ቅማሉን በጣታችሁ ጥረጉ ወይም በውሃ ግፊት አራግፉ። ከዚያ በዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ ተመሳሳይ አየር ባለበት ቀን፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ 10 ደቂቃውን ድገሙት።